ሳንባውን ለውሻ አትወርውሩት፦ ቤተሰብንና የቤት እንስሳን ከጥገኛ ትልና ከቁንጫ የመጠበቂያ መመሪያ

በሰሜን ሸዋ በግ ሲታረድ የሳንባው ዕጣ የታወቀ ነው። ለውሻ ይጣላል። ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ከተገኘም «ይሄስ አይበላም» ተብሎ ተቆርጦ ከሳንባው ጋር ይወረወራል። ውሻው ጠግቦ ይተኛል። እኛም የተበላሸውን አስወገድን ብለን ወደ ዱለቱ እንመለሳለን። ቤተሰብን ከጥገኛ ትል የመጠበቅ ሥራ መጀመር ያለበት ግን እዚያች ሰዓት ላይ ነው። መድኃኒቱም፣ እጅ መታጠቡም ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ያ ውሃ የቋጠረ ከረጢት በውስጡ ብዙ የውሻ ኮሶ ትል ጽንስ ይይዛል። ውሻው ሲበላው ጽንሶቹ አንጀቱ ውስጥ ተጣብቀው ያድጋሉ። ካደጉም በኋላ ርዝመታቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ በውሻው ዓይነ ምድር ላይ ፈልጋችሁ አታገኟቸውም። ውሻውም ታሞ አያሳያችሁም፤ ይበላል፣ ይጮኻል፣ በሩን ይጠብቃል። ከስድስትና ሰባት ሳምንት በኋላ ግን ትሉ እንቁላል መጣል ይጀምራል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ሣሩ ላይ፣ ምንጩ ዳር፣ የውሻው ፀጉር ላይ ይቀራል። በጉ ከሣሩ ጋር ይበላውና ጉበቱ ውሃ ይቋጥራል። ልጅ ደግሞ ውሻውን ደባብሶ ያንኑ እጁን ለቆሎ ይዘረጋል።

ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ እዚህ ጋ ነው። ይህ በሽታ ወደ ሰው የሚመጣው የታመመውን ጉበት በመብላት አይደለም። ከውሻው ዓይነ ምድር በሚወጣው እንቁላል ነው። ስለዚህ ጉበቱን ለራሳችን «አይሆንም» ብለን ለውሻው ስንሰጠው፣ በሽታውን ዞሮ ወደ እኛ በሚመጣበት መንገድ ላይ አስቀመጥነው ማለት ነው። በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ከረጢቱ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል። ሰውየው ሲያመው ከየት እንደመጣበት ማስታወስ እንኳ አይችልም።

የአየሩ ጠባይም ለትሉ ያደላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መንዝ ከዚያም ይበልጣል። ብርድና እርጥበት ባለበት አፈር ላይ የትሉ እንቁላል ለወራት ሳይሞት ይቆያል። ድርቀትና ኃይለኛ ፀሐይ ነው የሚጎዳው።

የበግ ጭንቅላትም የራሱ ጣጣ አለው። በጉ አንገቱን አዘንብሎ በአንድ ቦታ እየዞረ፣ ግድግዳ እየገፋ፣ በመጨረሻ የሚወድቅበትን በሽታ የአካባቢው ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። አዙሪት ይሉታል። ይህም የሚመጣው ከሌላ ዓይነት የውሻ ኮሶ ትል ነው። ከረጢቱ የሚቀመጠው በበጉ አንጎል ውስጥ ነው። በአዙሪት የሞተ በግ ጭንቅላቱ ለውሻ ከተጣለ፣ የሚቀጥለውን በግ የሚገድለው ትል ተቀለበ ማለት ነው። በግ አርቢ ለሆነ ሰው ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ይመስለኛል።

ከእርዱ በፊት፦ ጉድጓድ

በጉ ከመታረዱ በፊት ጉድጓዱ ይቆፈር። ከእርዱ በኋላ እንቆፍራለን ከተባለ አይቆፈርም፤ እንግዳ ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ሳንባው ደጅ ላይ ይቀራል። አንድ ሜትር ያህል ጥልቀት ይበቃል። ከውሃ ጉድጓድና ከምንጭ ራቅ ይበል።

ውሻው እርዱ ተጀምሮ ደጁ እስኪጸዳ ድረስ ይታሰር። የጎረቤት ውሻም እንዳይገባ አንድ ልጅ በትር ይዞ ይቁም። ይህ ለልጆች የሚስማማ ሥራ ነው፤ ከቢላውም ያርቃቸዋል።

ሆድ ዕቃው ሲወጣ ጉበቱንና ሳንባውን በደንብ እዩ፤ በእጃችሁም ዳስሱ። ነጣ ያለ፣ እንደ ፊኛ የተወጠረ፣ ሲነካ ውሃ ያለው የሚመስል ከረጢት ካለ አትቅደዱት። ክፍሉን እንዳለ ቆርጣችሁ ጉድጓዱ ውስጥ ጣሉት። ወይም ደህና እሳት ካለ ከሰል እስኪሆን አቃጥሉት። አፈሩን ከመለሳችሁ በኋላ ከላይ ከበድ ያለ ድንጋይ ጫኑበት። ውሻ ለሥጋ ሲል የሚቆፍረውን ያህል ሰው አይቆፍርም።

«ታዲያ ውሻው ምን ይብላ?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። የጠባቂ ውሻ በዓመት ከስንት አንዴ ነው ሥጋ የሚያገኘው። ደህና የሚመስለውን ሳንባና ሌላ ትርፍራፊ በትናንሹ ቆርጣችሁ፣ ውሃው መንተክተክ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ 40 ደቂቃ ያህል ቀቅሉለት። በበዓል ቀን ምድጃው እንደሆነ ቀኑን ሙሉ አይጠፋም፤ አሮጌ ድስት ጥግ ላይ መጣድ ብዙ ማገዶ አይጨምርም። በመረቁ ላይ የደረቀ እንጀራ ወይም ቂጣ ቢፈተፍቱለት ውሻው ከጥሬው ያላነሰ ይወደዋል። ከረጢት ያለበትን ግን ለመቀቀልም አታስቀምጡት፤ ይቀበር። ሳይታወቅ ታማ የሞተች በግም ሜዳ ላይ አትጣል። ጭንቅላቷ በተለይ።

ቤት ውስጥ ይህን ልማድ መለወጥ ከባድ የሚሆነው በትልልቆቹ በኩል ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳንባ ለውሻ ሲሰጡ የኖሩ እናት በአንድ ቀን አይተዉትም። በቁጣ ሳይሆን እንዲህ ቢባሉ ይሻላል፦ «እማዬ፣ ባለፈው የሞቱብን በጎች አዙሪት ያመጣባቸው እኮ ከውሻው ነው አሉ። ዘንድሮ እኔ ልቀቅልለት፣ አንቺ አትድከሚ።» በበጉ በኩል ከተገባ ነገሩ ቶሎ ይገባል።

ውሻውን መድኃኒት ማጠጣት

የውሻ ኮሶ ትልን የሚገድለው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ይባላል። መጠኑ በክብደት ነው፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ 5 ሚሊ ግራም። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ 100 ሚሊ ግራም ይፈልጋል ማለት ነው። ለውሻ የተዘጋጀው እንክብል ብዙ ጊዜ 50 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ አንዱ ለ10 ኪሎ ይሆናል። በዚያው እንክብል ውስጥ ለወስፋት የሚሆን ሌላ መድኃኒት የተቀላቀለበትም አለ፤ ከተገኘ እሱ ይመረጣል።

ክብደቱን ለማወቅ ውሻውን ታቅፋችሁ ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ ብቻችሁን፣ ልዩነቱን ያዙ። የማይታቀፍ ከሆነ ለእንስሳት ሐኪሙ ቁመናውን ንገሩት። ሲጠይቁ እንዲህ ማለት ይጠቅማል፦ «ዶክተር፣ የበግ ጠባቂ ውሻ አለኝ። 20 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ጥሬ ሥጋ ያገኛል። የኮሶ ትል መድኃኒት ፈልጌ ነው።» ጥሬ ሥጋ ማግኘቱን መናገራችሁ ሐኪሙ ትክክለኛውን እንዲመርጥ ያግዘዋል።

ለበግ ከተገዛው አልቤንዳዞል ለውሻ ማካፈል የተለመደ ነው፤ አታድርጉት። ለዚህ ትል ፕራዚኳንቴልን አይተካም። ለበግና ለከብት የሚወጋውን አይቨርሜክቲንም በግምት ለውሻ መስጠት አደገኛ ነው። መጠኑ ትንሽ ከበዛ ነርቭ ይመታል።

በምን ያህል ጊዜ? ታስሮ የሚውልና የበሰለ ብቻ የሚበላ ውሻ በየሦስት ወሩ ገደማ ይበቃዋል። ቀን መቁጠር ለሚረሳ ሰው በዓሉን ምልክት ማድረግ ይቀላል፦ መስቀል፣ ገና፣ ፋሲካ፣ የሐምሌ አቦ (ሐምሌ 5)። አራቱም በግምት በእኩል ርቀት ላይ ናቸው። ሜዳ የሚውል፣ ከመንጋ ጋር የሚሄድ፣ ያገኘውን የሚበላ ውሻ ግን በየሁለቱ በዓል መካከል አንድ ጊዜ ይጨመርለት። እንዲያውም ሁለቱን ማድረግ ያቃተው ሰው የመካከሏን ባይተው ነው የምመክረው። በገና ዕለት ሳንባ ሰርቆ የበላ ውሻ እንቁላል መጣል የሚጀምረው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ከገና በኋላ አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ሳምንት ላይ መድኃኒቱን ከወሰደ፣ ትሉ ሳይወልድ ሞተ ማለት ነው።

እንክብሉን በሥጋ ቁራጭ ወይም ቅቤ በተቀባ ዳቦ ሸፍናችሁ ስጡት። እስኪውጠው እዩት፤ ብዙ ውሻ ዳቦውን በልቶ መድኃኒቱን ይተፋል።

አሁን የሚዘለለው ደረጃ ይመጣል። መድኃኒቱ ትሉን ይገድላል እንጂ እንቁላሉን አይገድልም። ስለዚህ ውሻው መድኃኒት ከወሰደ በኋላ ለሁለትና ሦስት ቀን ይታሰር። በእነዚያ ቀናት ያወጣውን ሁሉ በአካፋ ሰብስባችሁ አቃጥሉት ወይም በጥልቁ ቅበሩት። መድኃኒት አጠጥቶ ወዲያው ወደ ግጦሽ ሜዳ መልቀቅ እንቁላሉን ሣሩ ላይ መበተን ነው። ዓይነ ምድር የነካውን ቦታ በፈላ ውሃ አጥቡት። በረኪናም ሆነ አልኮል በዚህ እንቁላል ላይ አስተማማኝ አይደለም፤ የሚገድለው ሙቀት ነው።

ጎረቤታሞች በአንድ ቀን ቢያደርጉት ውጤቱ በጣም ይለያል። የእኔ ውሻ ታክሞ የእናንተ ካልታከመ፣ ሁለቱም የሚውሉት አንድ ሜዳ ላይ ነው። ዕድር ላይ ተነጋግሮ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ አንድ ቀን መጥራት ይቻላል። በዚያው ቀን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ቢጨመር ትልቅ ነገር ነው። ጓሳ ከተባለው የመንዝ ጥብቅ ስፍራ አጠገብ ለምትኖሩ ደግሞ ክትባቱ ለቀይ ቀበሮውም ሕይወት ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሻ ወደ ቀበሮ ይተላለፋል። ውሻዎቻችሁን ወደ ጓሳው አትልቀቋቸው።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «እንግዲህ ውሻውን ማጥፋት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። አይደለም። ውሻው የሚታመመው እኛ በሰጠነው ነው። ጅብ ባለበት አገር ያለ ውሻ በግ ማሳደር እንዴት እንደሚሆን እናንተው ታውቁታላችሁ።

ቡችሎችና ልጆች

ቡችላ ከእናቱ ማህፀን ሳለ ነው ወስፋት የሚይዘው። ሲወለድ ንጹሕ ይመስላል፤ ሦስት ሳምንት ሲሞላው ግን ዓይነ ምድሩ ውስጥ የትል እንቁላል ሊኖር ይችላል። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ሰውነቱ የከሳ ቡችላ ካያችሁ ወስፋት ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ልጆች ደግሞ አቅፈው የሚውሉት እሱን ነው።

ስለዚህ ለቡችላ የወስፋት መድኃኒት በሁለት ሳምንቱ ይጀመራል። ከዚያ በአራት፣ በስድስትና በስምንት ሳምንቱ ይደገማል። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር እስኪሞላው በየወሩ። እናትየዋም አብራ ትውሰድ። ፓይራንቴል የሚባለው መድኃኒት ለዚህ ዕድሜ ተስማሚ ነው፤ መጠኑን ሐኪሙ ይወስን።

የወስፋቱ እንቁላል አፈር ላይ ከወደቀ በኋላ ሰውን ለመያዝ የሚደርሰው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው። ይህ መልካም ዜና ነው። ግቢውን በየቀኑ፣ ቢያንስ በየሁለት ሦስት ቀኑ ከውሻ ዓይነ ምድር ያጸዳ ቤት፣ እንቁላሉ ሳይበስል አስወገደው ማለት ነው። ጓሮ ጎመንና ሰላጣ የሚዘራበት ቦታ ደግሞ በእሾህ ይታጠር።

ለልጆቹ ሦስት ነገር አስተምሩ። ውሻ ደባብሶ በሳሙና መታጠብ፣ ውሻ ፊትን እንዲልስ አለመፍቀድ፣ አፈር የነካ ቆሎ ወይም ባቄላ እሸት ሳይታጠብ አለመብላት። በትምህርት ቤት የሚሰጠው የትል መድኃኒት በሆድ ውስጥ ላሉት ለሰው ወስፋትና መሰሎቹ ነው። ጥሩ ነው፤ ልጆቹ ይውሰዱት። ከውሻ ከሚመጣው እንቁላል ግን አይከላከልም።

ድመትና ነፍሰ ጡር ሴት

«አርግዛለች፣ ድመቷን ጣሏት» የሚባለው ነገር የተጋነነ ነው። ከድመት የሚመጣው ቶክሶፕላዝማ የሚባል በዓይን የማይታይ ጥገኛ ሲሆን፣ ነፍሰ ጡርን ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። ነገር ግን ከድመቷ ዓይነ ምድር ወጥቶ ለመያዝ የሚደርሰው ከአንድ እስከ አምስት ቀን ቆይቶ ነው። ድመቷ የምትጸዳዳበት አመድ ወይም አፈር በየቀኑ ከተጣለ አደጋው በጣም ይቀንሳል። ያንን ሥራ ነፍሰ ጡሯ አትሥራ፤ ሌላ ሰው ይሥራላት። ጓሮ ስትኮተኩት ጓንት ታድርግ፣ ካልሆነም ወዲያው እጇን በሳሙና ትታጠብ።

ዋናው ግን ሥጋው ነው። ይኸው ጥገኛ በጥሬ የበግ ሥጋ ውስጥም ይገኛል። ስለዚህ በእርግዝና ጊዜ ዱለት ይብሰል፣ ክትፎም ይብሰል። ጥሬ የበሬ ሥጋ ለሌላውም ሰው የራሱን ኮሶ ትል ያመጣል፤ አያቶቻችን ኮሶ የሚጠጡት ለዚሁ ነበር። ዛሬ ጤና ጣቢያ ሄዶ መድኃኒቱን መውሰድ ይሻላል። የኮሶው መጠን በቤት አይታወቅም፤ ለነፍሰ ጡርማ ጨርሶ አይሆንም።

ቁንጫ

ብርድ አገር ስለሆነ ሁሉም አንድ ጣራ ሥር ያድራል። ውሻው በሩ ጥግ፣ ድመቷ ምድጃው ዳር፣ ግልገሉ መደቡ ሥር። ቁንጫ የሚራባውም በዚህ ነው።

ስለ ቁንጫ ማወቅ ያለባችሁ ዋና ነገር፣ ውሻው ላይ የምታዩት ጥቂቱ መሆኑን ነው። እንቁላሉ፣ እጩና ኩብኩባው (በሽፋኑ ውስጥ ሆኖ ወደ ቁንጫነት የሚለወጠው) ወለሉ ስንጥቅ ውስጥ፣ ምንጣፉ ሥር፣ ባናውና ዝተቱ ውስጥ ነው ያለው። ውሻውን ብቻ አጥቦ ቁንጫ ጠፋ ማለት አይቻልም። ኩብኩባው ለወራት ተሸፍኖ መቆየት ይችላል፤ የሰው ርምጃ ሲሰማው ይፈለፈላል። ተዘግቶ የከረመ ቤት ሲከፈት ቁንጫ የሚወረው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሥራውን በአንድ ቀን ሥሩት፣ ከዚያ ደጋግሙት። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ባናውን፣ ዝተቱን፣ ብርድ ልብሱን፣ አጎዛውን በሙሉ አውጥታችሁ አራግፉ፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይዋል፣ በየመሃሉ ይገላበጥ። ሊታጠብ የሚችለው በሙቅ ውሃ ይታጠብ። ወለሉን ከመደብ ሥር ጀምሮ ጥረጉ፤ ጥራጊው ደጅ ላይ አይጣል፣ እሳት ውስጥ ይግባ። ስንጥቆቹ ላይ የፈላ ውሃ አፍስሱ፤ ሲደርቅ በጭቃ ለስናችሁ ድፈኗቸው። ሳር ወይም ገለባ የተጎዘጎዘበት የውሻ መኝታ ተቃጥሎ በአዲስ ይተካ። ለውሻው የተዘጋጀ የቁንጫ መድኃኒት በዚያው ቀን ይደረግለት። ይህን ሁሉ በየሳምንቱ ለአንድ ወር ያህል ካልደጋገማችሁት፣ የተደበቀው እየተፈለፈለ እንደገና ይመጣል።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለምነው አለ። የሰብል ፀረ ተባይ፣ ማላታይን፣ ዲያዚኖን፣ ከድሮ የተረፈ ዲዲቲ ውሻና ድመት ላይ አትርጩ፤ መኝታችሁ ላይም አትነስንሱ። ውሻው ይልሰዋል፣ ሕፃኑ ይተነፍሰዋል። ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ደግሞ ድመት ይገድላል፤ ውሻው ላይ ከተደረገ እንኳ እስኪደርቅ ድመቷ አጠገቡ አትተኛ። ጋዝ መቀባትም ቆዳ ያቃጥላል።

ቁንጫ ራሱ ሌላ ኮሶ ትል ያስተላልፋል። ውሻው ሲነክሰው ቁንጫውን ይውጠዋል፣ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል። ቂጡ አካባቢ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ካያችሁ እሱ ነው። በፕራዚኳንቴል ይጠፋል፤ ቁንጫው ካልጠፋ ግን ይመለሳል።

መዥገር

ጣርማበርን ወርዳችሁ ወደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ስትሄዱ አየሩ ይሞቃል፤ መዥገሩም ይበዛል። ከቆላ የመጣ ወይም ቆላ የሚውል ውሻ ማታ ይፈተሽ። ጆሮው ውስጥ፣ ጣቶቹ መካከል፣ ብብቱ፣ ጅራቱ ሥር። መዥገሩን በወረንጦ ከቆዳው አስጠግታችሁ ያዙና ቀጥ አድርጋችሁ በዝግታ ሳቡ። አታዙሩት፣ ክብሪት አታስነኩት፣ ጋዝ አታፍስሱበት። በጥፍርም አትጨፍልቁት። እሳት ውስጥ ጣሉት፣ እጃችሁን ታጠቡ።

ሐኪም ዘንድ መቼ?

በቀኝ ጎን ከጎድን አጥንት ሥር የሚሰማ እብጠት ወይም ለረጅም ጊዜ የቆየ የክብደት ስሜት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የቆየ ሳል፣ የልጅ አንድ ዓይን ማየት መቀነስ ካለ ጤና ተቋም ሂዱ። ስትሄዱ «ቤታችን ውሻና በግ አለ» ብላችሁ ንገሩ። ሐኪሙ አልትራሳውንድ ሊያዝ ይችላል፤ የጉበት ከረጢት በእሱ በደንብ ይታያል። ሕክምና አለው፤ እንደ መጠኑና እንደ ቦታው በአልቤንዳዞል ለወራት፣ በመርፌ ወይም በቀዶ ሕክምና ይታከማል።

እስከዚያው ግን እብጠቱን ማንም እንዳያሸው፣ እንዳይጫነው። ለወጌሻም አይታይ። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ውሃ ሆድ ውስጥ ከፈሰሰ ሰውነትን በድንገት አስቆጥቶ ሊገድል ይችላል፤ ትሉም በሆድ ዕቃ ላይ ይዘራል። በሽተኛው በመንገድ ላይ ድንገት የሆድ ሕመም፣ ማሳከክ፣ የመተንፈስ ችግር ወይም ራስ መሳት ከገጠመው ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።